ባቡሩ የቆመባት ከተማ፦ የድሬዳዋ መሬት፣ መንገድና ውሃ

እኛ ነጋዴዎች ስንገናኝ ወሬያችን ያው ነው፤ የዛሬ ምንዛሪ ስንት ገባ፣ የትኛው ኬላ ጠበቀ፣ የማን ዕቃ ተያዘ። ስለ ቀረጥ ሌሊቱን ሙሉ ብናወራ አይሰለቸንም። ነገር ግን ያሳደጉንንም ያከሰሩንንም ነገሮች በደንብ ስንመረምር፣ ከቀረጡ ይልቅ ሦስት ነገሮች ጎልተው ይታያሉ፤ ገበያው የቆመበት መሬት፣ ዕቃው የሚያልፍበት መንገድ፣ ነጋዴው የሚጠጣው ውሃ። እነዚህን ሦስቱን የሚወስኑት ደግሞ ብዙ ጊዜ ሩቅ ያሉ ሚኒስትሮች ብቻ አይደሉም። አንድ የከተማ ሹም፣ አንድ የባቡር መሐንዲስ፣ አንድ የቀበሌ ሊቀመንበር የወሰነው ነገር መቶ ዓመት ይከተለናል።

ለዚህ ከድሬዳዋ የተሻለ ምስክር አናገኝም። ከመካከላችን እዚያ ያልነገደ ጥቂት ነው። ጅቡቲ የሚሄደውም፣ ወጃሌ የሚወርደውም፣ አወዳይ ጫት የሚጭነውም አንድ ቀን ቀፊራ ገብቷል፣ ታይዋን ተሟግቷል፣ አሸዋ ላይ ላስቲክ ዘርግቷል። ስሟን ኦሮሞው በኦሮምኛ፣ ሶማሌው በሶማልኛ ይተረጉመዋል፤ ሁለቱም የኛ ናት ይላል፤ አማራው፣ ሐረሪው፣ ጉራጌው፣ ዓረቡም ቢሆን እንግዳ ነኝ አይልባትም። እስቲ ዛሬ ታሪኳን ከነዚህ ከሦስቱ ነገሮች አንጻር እንየው።

ከጀልዴሳ ወደ አዲስ ሐረር

ባቡር ሳይመጣ በፊት የምሥራቁ ንግድ ንጉሥ ሐረር ነበረች። ቡናው፣ ቆዳው፣ የዝሆን ጥርሱ ከሐረር ወጥቶ በግመል ወደ ዘይላ ይወርድ ነበር። ከደጋው ወርዶ ከበረሃው በፊት የሚታረፍባት ስፍራ ጀልዴሳ ትባል ነበር። ከደጋ የወረደው ጭነት እዚያ በቆላ ግመል ላይ ይዛወራል፤ ቀረጥም ይከፈላል። ምኒልክ በ1879 ዓ.ም. ሐረርን ከያዙ በኋላም ይህ መንገድ ለዓመታት ዋናው በር ሆኖ ቆይቷል።

በ1886 ዓ.ም. ምኒልክ ለስዊሳዊው አማካሪያቸው ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡር መሥሪያ ፈቃድ ሰጡ። ፈቃዱ ለ99 ዓመት ነበር። የመጀመሪያው መስመር ከጅቡቲ ሐረር እንዲደርስ፣ ከዚያ ወደ እንጦጦ፣ ወደፊትም እስከ ከፋና ነጭ አባይ እንዲዘልቅ ታሰበ። በውሉ ላይ የተጻፈችው ከተማ ሐረር ናት። ሥራው በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተጀመረ። በረሃውን ካለፈ በኋላ ግን ባቡሩ ከደጋው ግድግዳ ጋር ተፋጠጠ። ሐዲዱን ሽቅብ ወደ ሐረር መውሰድ እጅግ ብዙ ገንዘብ የሚፈጅ ሆነ። ስለዚህ መስመሩ በተራራው ግርጌ፣ በደቻቱ ወንዝ አጠገብ እንዲያልፍ ተወሰነ። በታኅሣሥ 1895 ዓ.ም. ከጅቡቲ 310 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ባቡሩ እዚያ ደረሰ። የተቆረቆረችውን ጣቢያ መጀመሪያ «አዲስ ሐረር» አሏት። በኋላ ድሬዳዋ የሚለው ስም አሸነፈ።

ወገኖቻችን፣ እዚህ ላይ ቆም እንበል። አንድ የመንገድ ውሳኔ ብቻ ነው። ማንም ሐረርን ልጉዳ ብሎ አልተነሣም። ነገር ግን ከዚያ በኋላ የሐረር ነጋዴ ዕቃውን ይዞ ቁልቁል መውረድ ግድ ሆነበት። ዘይላ ገበያዋን ለጅቡቲ ለቀቀች። ጀልዴሳስ? ጀልዴሳ ዛሬ በድሬዳዋ አስተዳደር ውስጥ ያለች የገጠር መንደር ናት። አንድ ጊዜ የሐረር ሀብት ሁሉ ያለፈባት መሆኗን የሚያውቅ ከነጋዴዎቻችን ስንቱ ይሆን? መንገድ የሠራውን ገበያ መንገድ ያፈርሰዋል። ይህ የመጀመሪያው ትምህርታችን ነው።

ከዚራና መጋላ

የድሬዳዋ አመሠራረት ሌላም ነገር ያስተምራል። ደቻቱ ከተማዋን ለሁለት ይከፍላታል። በአንዱ ወገን የባቡር ኩባንያው ከዚራን ሠራ፤ ቀጥ ያሉ ሰፋፊ መንገዶች፣ ዳርና ዳር ዛፍ፣ የባቡር ጣቢያው፣ ጋራዡ፣ የሠራተኛው ቤት። በማዶው ወገን መጋላ በቀለች፤ የነጋዴ፣ የአናጢ፣ የሸማኔ፣ የዓረብ ሱቅ፣ የሐበሻ ጠላ ቤት፣ የሶማሌ ሻይ ቤት፣ ጠባብ ለጠባብ የሆነ ቅያስ። ከዚራ በመሐንዲስ ገመድ ተለካች፤ መጋላ በእግር ተለካች። ከዚራ ውስጥ ቤት ከመሠራቱ በፊት መንገዱ ተሠራ፤ መጋላ ውስጥ ቤቱ ከተሠራ በኋላ መንገድ ተፈለገ።

ከሁለቱ መካከል ያለው ደቻቱ ደግሞ በዓመት ለብዙ ወራት ውሃ የሌለው የአሸዋ ሜዳ ነው። እንግዳ ሰው ቢያየው ወንዝ ነው ብሎ አይገምትም። ሰፊ ነው፣ ደረቅ ነው፣ ግብር አይከፈልበትም፣ ለሁለቱም ወገን ቅርብ ነው። ነጋዴ ከዚህ የተሻለ ምን ይፈልጋል? ስለዚህ ገበያው ቀስ እያለ ወደ አሸዋው ወረደ። ግመሉም፣ ፍየሉም፣ ማገዶውም፣ ሰልባጁም እዚያ ተሸጠ። ሰፈሩም ገበያውን ተከትሎ ወደ ወንዙ ዳር ተጠጋ።

የእንፋሎት ባቡር ያለ ውሃ ስለማይሄድ፣ ጣቢያ የሚቆመው ውሃ ባለበት ነው። ከድሬዳዋ አፈር በታች ከደጋው የሚወርድ ብዙ ውሃ አለ። ከላይ የደረቀው ወንዝም ከሥሩ እርጥብ ነው። እንግዲህ ባቡሩን ወደዚህ ያመጣው ሜዳውና ውሃው ሲሆን፣ ሰውን ያመጣው ባቡሩ ነው።

የባቡሩ ዘመን

ሐዲዱ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው፤ መላው መስመር 784 ኪሎ ሜትር ሆነ። ከዚያ ወዲህ ድሬዳዋ የሀገሪቱ የምሥራቅ በር ሆነች። ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. ሀገሪቱን ሲወር በፈረንሳይ እጅ ባለችው ጅቡቲ ላይ መመካት ስላልወደደ፣ ከአሰብ ወደ አዲስ አበባ የመኪና መንገድ ሠራ። የአሰብ መንገድ በኋለኞቹ ዓመታት የጅቡቲን መስመር ጭነት ተሻምቷል። ቢሆንም ባቡሩ የትንሹ ነጋዴ ነገር ሆኖ ቀጠለ።

ይህን ዘመን ታላላቆቻችን ሲያወሩት አይጠገብም። እናቶቻችን ቲማቲም፣ ሽንኩርትና ሎሚ ይዘው ይሄዳሉ፤ ሻሽ፣ ሽቶ፣ ሩዝ፣ ፓስታ፣ ቦንዳ ልብስ ይዘው ይመለሳሉ። ዕቃው በወንበር ሥር፣ በቀሚስ ሥር፣ በጣሪያው ላይ ነው። ፊናንስ ሲመጣ ግማሹ በመስኮት ይወረወራል፤ ወርዋሪዋም ተቀባይዋም ቦታውን አስቀድመው ያውቁታል። በዚህ ንግድ ያደገ፣ የተማረ፣ ቤት የሠራ ሕዝብ ነው ዛሬ እኛን የወለደን። ሕጋዊ ነበር አንልም። የጠረፍ ንግድ ሕግ ለትንሹ ነጋዴ ጠባብ በር ከፍቶ፣ ሆዱ ግን ሰፊ በር ስለጠየቀው የተፈጠረ ኑሮ ነው።

ጅቡቲ ነጻ በወጣችበት በ1969 ዓ.ም. ደግሞ የሶማሊያ ጦርነት መጣ። ድልድዮች ተመቱ፤ መስመሩ ተቆረጠ፤ በነሐሴ ወር ጦርነቱ ድሬዳዋ ደጃፍ ደርሶ ተመለሰ። የሸሸው ሁሉ ወደ ከተማዋ ገባ። ያ ሁሉ ሰው የት ሰፈረ? ክፍት መሬት ባለበት። ክፍት መሬት የት ነበር? ወንዙ ዳር።

የመሬቱ አዋጅ

ስለ መሬት ስናወራ በ1967 ዓ.ም. ሐምሌ የወጣውን አዋጅ ቁጥር 47 ማለፍ አንችልም። የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ። አንድ ቤተሰብ ለመኖሪያ ሊያገኝ የሚችለው ቦታ እስከ 500 ካሬ ሜትር ተባለ። ኪራያቸው ከ100 ብር ያልበለጡ ቤቶች በቀበሌ እጅ ገቡ። ለደሃው ተከራይ እፎይታ ነበር፤ ይህን መካድ አይቻልም። ነገር ግን ኪራዩ በጣም ስለቀነሰ ለጥገና የሚሆን ገንዘብ ጠፋ። ባለቤቱ የለም፤ ቀበሌው አቅም የለውም፤ ተከራዩ የራሱ ያልሆነውን አያድስም። የመጋላና የወንዙ ዳር ጭቃ ቤቶች እያረጁ፣ በየጓሮው አንድ ክፍል እየተቀጠለባቸው፣ ብዙ ቤተሰብ የያዙ ሆኑ።

በኋላም በ1986 ዓ.ም. የሊዝ አዋጅ መጣ፤ በ2004 ዓ.ም. ደግሞ አዋጅ ቁጥር 721 ወጣ። መሬት በጨረታ ሲሸጥ፣ ገንዘብ ያለው ከፍ ያለውን ቦታ ገዛ፤ የሌለው ጨረታ የማይወጣበትን ቦታ ያዘ። ጨረታ የማይወጣበት ቦታ ደግሞ ሸለቆው፣ የወንዙ ከንፈርና የተራራው ቁልቁለት ነው። በ1987ቱ የሕዝብ ቆጠራ ከተማዋ 164,851 ሰው ነበራት። በ1999ኙ ቆጠራ በከተማው የሚኖረው 233,224 ደረሰ። በ12 ዓመት ውስጥ የተጨመረው ሰባ ሺህ የሚጠጋ ሰው የሚተኛበት ያስፈልገዋል። ወንዙ ዳር «አትስፈሩ» የሚል ሹም ቢኖር እንኳ፣ «ታዲያ የት እንስፈር?» ለሚለው መልስ ካልነበረው ክልከላው ወረቀት ሆኖ ይቀራል።

በዚህ ላይ ከተማዋን ማን ያስተዳድር የሚለው ጥያቄ ለዓመታት ሲያወዛግብ ቆይቷል። የኦሮሚያና የሶማሌ ክልሎች ሁለቱም ይገባናል ስላሉ፣ ከተማዋ በፌዴራል መንግሥት ሥር ተደረገች፤ በ1996 ዓ.ም. ቻርተር ወጣላት። ቤቱ የማን እንደሆነ በሚከራከሩበት ጊዜ ጣሪያውን የሚጠግን አይገኝም።

ሐምሌ 30

ያን ሌሊት ሁላችንም እናስታውሰዋለን። ቅዳሜ ለእሁድ አጥቢያ፣ ሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም.። ከተማው ውስጥ ያለው ዝናብ ብቻ ቢሆን ኖሮ ያን ያህል ጥፋት ባልደረሰ። ከባዱ ዝናብ የጣለው ላይ፣ ከደንገጎ ወዲያ በደጋው ነው። ያ ደጋ በታላላቆቻችን ዘመን ዛፍ ነበረው። ዛፉ ለማገዶና ለከሰል አለቀ፤ ከሰሉን ጭነን ያወረድነው ደግሞ ከኛው ወገን ነው። ራቁቱን በቀረው ቁልቁለት ላይ የወረደው ውሃ የሚይዘው ሥር አላገኘም። በአንድ ጊዜ ተሰብስቦ በደቻቱ ወረደ።

ሰዉ ተኝቶ ነበር። ከ250 በላይ ሰው ሞተ፤ ወደ 10,000 የሚጠጋ ሕዝብ ከቤቱ ተፈናቀለ። የጭቃ ቤቶቹ በተሠሩበት ጭቃ ውስጥ ቀለጡ። አሸዋ ላይ ያደረ ዕቃ፣ የዕቁብ ገንዘብ፣ በዱቤ የመጣ ቦንዳ ሁሉ በማለዳ የለም። ከኛ መካከል ያን ዕለት ጅቡቲ ያደሩ አሉ። ገበያ ደህና ሆኖላቸው ደስ ብሏቸው ነበር፤ ሲመለሱ የሚያወርዱበት ቤት አላገኙም። «ቤቴን ፈለግሁ፣ ቅያሱንም አጣሁት» ትላለች አንዲት ታላቃችን፤ ከዚህ በላይ አታወራም፤ እኛም አንጠይቃትም።

አበው «እያሳሳቀ ይወስዳል እንደ ውሃ» ይላሉ። ደቻቱ ያሳሳቀን ለብዙ ዓመት ነው። በ1973 ዓ.ም. ጎርፍ ወርዶ ሰው ገድሎ ነበር፤ የረሳነው እኛ ነን። ወንዝ በየዓመቱ ስላልመጣ መንገዱን ረስቶ አይደለም።

ከ1998ቱ በኋላ የተሠራ ሥራ አለ፤ ያልተሠራ ማለት ግፍ ነው። በወንዙ ዳርና ዳር የመከላከያ ግንብ ተሠራ፤ ተጎጂዎች ሌላ ቦታ ቤት ተሰጣቸው፤ በደጋው ላይ እርከንና የዛፍ ተከላ ተጀመረ፤ ላይ ሲዘንብ ታች እንዲሰማ የማስጠንቀቂያ አሠራር ተዘረጋ። ግንቡ ግን አንድ ያልታሰበ ነገር አመጣ። ግንብ ያየ ሰው ልቡ ይረጋል። ግንቡን ተደግፎ ሱቅ ይሠራል፤ ከግንቡ ውስጥ በአሸዋው ላይ መልሶ ገበያ ይዘረጋል። በሚያዝያ 2012 ዓ.ም. ጎርፉ ተመልሶ መጥቶ ሕይወት አጠፋ። ግንብ የውሃውን ጉልበት ይቀንስ እንደሆን እንጂ የእኛን ዝንጉነት አይከለክልም።

ከሥር ያለው ውሃ

ጎርፉ ድምፅ ስላለው ሁሉም ሰማው። ሌላው ጉዳይ ግን ድምፅ የለውም። ድሬዳዋ የምትጠጣው ከመሬት ሥር ነው፤ ዋናዎቹ ጉድጓዶች ሳቢያን ናቸው። ውሃው በኖራ ድንጋይ ውስጥ አልፎ ስለሚመጣ ከባድ ነው። የድሬ እናት ሁሉ ታውቀዋለች፤ ጀበናው ውስጥ፣ ማንቆርቆሪያው ውስጥ ነጭ ነገር ይጋገራል፤ ቧንቧው ራሱ ውስጡ እየጠበበ ይሄዳል። ይህ ለዕቃው እንጂ ለሰው ብዙም አያስፈራም።

የሚያስፈራው ናይትሬት ነው። ከተማዋ አብዛኛው ቤቷ መጸዳጃው ጉድጓድ ነው። ከጉድጓዱ የሚሰርገው ፍሳሽ በአሸዋና በተሰነጠቀ ድንጋይ ውስጥ አልፎ ወደ ከርሰ ምድር ውሃው ይገባል። በድሬዳዋ የተደረጉ የውሃ ጥናቶች በከተማው ውስጥ ባሉ ጉድጓዶች ናይትሬት ከዓለም ጤና ድርጅት ወሰን በላይ ሆኖ ማግኘታቸውን ጽፈዋል። ወሰኑ በሊትር 50 ሚሊ ግራም ነው። ናይትሬት አይሸትም፣ አይታይም፣ ጣዕሙም አይለይም። ውሃ በማፍላትም አይጠፋም፤ እንዲያውም ውሃው ሲተን እሱ ይቀራል። ክፉኛ የሚጎዳው በጡጦ ወተት የሚያድገውን ጨቅላ ነው፤ ደሙ አየር መሸከም ያቅተዋል።

ታዲያ ይህ ከመሬት ውሳኔ ጋር ምን አገናኘው? ሁሉ ነገር ያገናኘዋል። ሳቢያን ቀድሞ ከከተማው ዳር ያለ፣ ጉድጓድ ሲቆፈር ሰው ያልሰፈረበት ሜዳ ነበር። ከተማው ሲሰፋ ቤቱ ወደዚያው ሄደ። ሜዳው ለጥ ያለ ነው፣ ጎርፍ አያሰጋም፣ ውሃው ቅርብ ነው። እያንዳንዱ የቦታ ካርታ ለብቻው ሲታይ ትክክል ነው። ተደምረው ሲታዩ ግን ከተማዋ በምትጠጣው ማሰሮ አፍ ላይ መጸዳጃ ቆፈረች ማለት ነው። ይህን ማንም ሹም በአንድ ቀን ቁጭ ብሎ አልወሰነውም። ትንንሽ ውሳኔዎች ተጠራቅመው የወሰኑት ነው። ለዚህ ነው ተጠያቂው የማይገኘው።

ሐሮማያ ያስጠነቀቀን

ከላይ ከደጋው ሌላ ምሳሌ አለ። ከድሬ ወደ ሐረር የተጓዘ ሁሉ የሐሮማያን ሐይቅ በመኪና መስኮት ያየ ነበር። ሐረር ለብዙ ዓመታት የምትጠጣው ከዚያ ነበር፤ አወዳይም፣ የሐሮማያ ከተማም፣ ዩኒቨርሲቲውም እንዲሁ። ዙሪያውን ያለው ገበሬ ደግሞ በሞተር እየሳበ ጫቱንና አትክልቱን ያጠጣል። ጫቱን የምንገዛው እኛ ነን። ወደ ጅቡቲና ወደ ሐርጌሳ ገበያ በሰፋ ቁጥር ሞተሩ በዛ። ከተራቆተው ኮረብታ የሚወርደው አፈርም ሐይቁን ሞላው። በ1997 ዓ.ም. ገደማ ሐይቁ ደረቀ። ሰዎች በሐይቁ ወለል ላይ ከብት ለቀቁ።

ከዚያ በኋላ ሐረር ውሃ የምታገኘው ከየት ሆነ? ቁልቁል ከድሬዳዋ ወገን ካለው ቆላ፣ በደንገጎ ሽቅብ እየተገፋ። በባቡሩ ዘመን ሐረር ገበያዋን ወደ ታች አወረደች፤ በኛ ዘመን ደግሞ ውሃዋን ከታች አስመጣች። ውሃን ሽቅብ መግፋት መብራት ይጠይቃል፤ መብራት ሲጠፋ ሐረር ጀሪካን ትሰለፋለች። በቅርብ ዓመታት ሐይቁ በተሠራለት እንክብካቤና በጥሩ ዝናብ ውሃ መልሶ መያዝ ጀምሯል። እሰየው ነው። ያደረቁት ግን ሞተሮቹ ናቸውና፣ ሞተሮቹ ሳይወሰኑ ሐይቁ ዳነ ብለን እጃችንን አጣጥፈን አንቀመጥ።

ውሃ ድንበርም ይሻገራል። በ2005 ዓ.ም. በተደረገ ስምምነት ኢትዮጵያ ለ30 ዓመት ለጅቡቲ የከርሰ ምድር ውሃ ትሰጣለች፤ ጉድጓዶቹ ከድሬዳዋ በስተሰሜን በሶማሌ ክልል ሲቲ ዞን ናቸው። ጅቡቲ ያለን ወገኖቻችን ቧንቧ ስንከፍት የምንጠጣው ከዚያው ቆላ የመጣ ውሃ ነው። እንግዲህ በዚያ ቆላ ላይ ማን የት እንደሚሰፍር፣ የት ፋብሪካ እንደሚቆም የሚወሰነው ውሳኔ የአንድ ወረዳ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ በሁለት ሀገር ማድጋ ውስጥ ይገባል።

ባቡሩ ዛሬም ሰፈር ቀየረ

ወደ መንገዱ እንመለስ። አሮጌው ባቡር እያዘገመ ቆይቶ ቆመ። በመስከረም 2009 ዓ.ም. አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ተመረቀ፤ በ2010 ዓ.ም. መደበኛ ሥራ ጀመረ። 752 ኪሎ ሜትር ነው። ጣቢያው ግን ከዚራ አይደለም፤ ከከተማው ወጣ ብሎ ሜዳ ላይ ነው። መድረኩ ላይ ቲማቲም የምትሸጥ እናት የለችም፤ በመስኮት የሚወረወር ነገርም የለም፤ መስኮቱ አይከፈትም። ከዚያ ቀጥሎ ከድሬዳዋ ደወሌ 220 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆነው አስፋልት ተሠራ፤ የክፍያ መንገድም ሆነ። ነሐሴ 2014 ዓ.ም. ደግሞ የሀገሪቱ የመጀመሪያው ነጻ የንግድ ቀጠና በድሬዳዋ ተከፈተ።

ይህ ሁሉ ጥሩ ነው፤ ለመንገድ የማይደሰት ነጋዴ የለም። ነገር ግን የጀልዴሳን ታሪክ ያነበበ ሰው አንድ ነገር ይጠይቃል። ባቡሩ በተራራው ምክንያት ሐረርን ዘልሎ ከዚራን ሠራ። አሁን ደግሞ ከዚራን ዘልሎ ሜዳ ላይ ቆሟል። በአዲሱ ጣቢያና በነጻ ቀጠናው ዙሪያ ገበያ መብቀሉ አይቀርም። ያ ገበያ ከዚራ ይሆናል ወይስ መጋላ? ማለት፣ መንገዱ፣ የፍሳሹ ቦይና የትንሹ ነጋዴ ቦታ ቀድሞ ተለክቶ ይጠብቀናል? ወይስ እኛ ቀድመን ላስቲክ ዘርግተን፣ ቤት ቀጥለን፣ መጸዳጃ ቆፍረን፣ ከሃያ ዓመት በኋላ ስናለቅስ መንገድ ይፈለግልናል?

እኛስ?

ታሪኩን ይህን ያህል የተረክነው ሹሞችን ለመውቀስ ብቻ አይደለም። በየትኛውም ውሳኔ ውስጥ የኛ እጅ አለ። ከሰሉን የጫንነው እኛ፣ ጫቱን ያስፋፋነው እኛ፣ አሸዋው ላይ የዘረጋነው እኛ ነን። ኮቴ የሚያስከፍለንን ሠራተኛ በስም እናውቀዋለን፤ የከተማ ፕላን የሚያወጣውን ቢሮ በር ግን ከመካከላችን ያንኳኳ ጥቂት ነው። በ2000 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574 ፕላን ከመጽደቁ በፊት ነዋሪው እንዲወያይበት ደንግጓል። ስብሰባው ሲጠራ ግን እኛ መንገድ ላይ ነን፤ አዳራሹን የሚሞላው ሌላ ነው። ከዚያ ግሬደር ሲመጣ «ማን ጠየቀን?» እንላለን። ጠርተውን ያልሄድንበት ጊዜ አለ፤ ሳይጠሩን የቀረበትም ጊዜ አለ። ሁለቱንም በእኩል መናገር አለብን።

ስለዚህ ዕቁባችንና ማኅበራችን ሲሰበሰብ፣ ከምንዛሪው ወሬ ጋር ሦስት ጥያቄዎች ይታከሉበት እንላለን። አንደኛ፣ ልንገዛው ወይም ልንከራየው ያሰብነው ቦታ ውሃ የሚያልፍበት ነው ወይ? ይህን ለማወቅ ካርታ ካልተገኘ ሰፈሩን ሽማግሌ መጠየቅ ነው፤ ውሃው እስከ የት ደርሶ እንደነበር በጣቱ ያሳያል። ሁለተኛ፣ የምንጠጣው ጉድጓድ ዙሪያ ማን ሰፈረ? የናይትሬቱ መጠን ተለክቷል ወይ? የውሃ አገልግሎቱ ውጤቱን እንዲለጥፍ መጠየቅ ነውር የለውም፤ ሂሳብ እንከፍላለን። ሦስተኛ፣ አዲስ መንገድ ሲወጣ ትንሹ ነጋዴ ከዋናው መንገድ የሚገባበት በር ተትቶለታል ወይ? በር የሌለው መንገድ ለኛ ግንብ ነው።

አበው «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ብለዋል። እኛ የነጋዴ ነገር ሆኖብን ሁልጊዜ እየሮጥን ነው የምንታጠቀው። ባቡሩ ድሬዳዋ ከቆመ መቶ ሃያ ዓመት አለፈ። ያኔ የከተማዋ ሜዳ ባዶ ስለነበር ማንም ሊጠይቅ አልቻለም። ዛሬ በአዲሱ ጣቢያ ዙሪያ ያለው ሜዳ ገና ክፍት ነው። ከመሙላቱ በፊት እንጠይቅ።

ክረምቱን በሰላም ያሳልፈን። አሸዋው ላይ ያላችሁ፣ ወደ ደንገጎ በኩል ሰማዩ ሲጠቁር ዕቃችሁን ሰብስቡ፤ ዕቃው ቢቀርም ልጆቻችሁን ይዛችሁ ውጡ። ቸር ገበያ ይግጠመን።